የታዳጊዎችን የኳስ ችሎታ መገንባት፦ ለሰፈርና ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት አሰልጣኞች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከ8 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆችን በሰፈር፣ በትምህርት ቤት ወይም በወረዳ ፕሮጀክት ለሚያሠለጥኑ ሰዎች የተጻፈ ነው። እንዲህ ያሉ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ያላቸው አንድ የአቧራ ሜዳ፣ ከ20 በላይ ልጆችና ከ10 የማይበልጡ ኳሶች ስለሆነ፣ የሚቀርቡት ልምምዶች በሙሉ በዚሁ አቅም የሚሠሩ ናቸው። መመሪያው የቆመበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ልጅ ኳስን የሚማረው ኳሱን በመንካት እንጂ ተራ በመጠበቅ አይደለም፤ ከንክኪዎች ሁሉ ደግሞ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ኳስ ወደ እሱ ሲመጣ የሚያደርገው የመጀመሪያው ንክኪ ነው። መጀመሪያ ንክኪው የተበላሸበት ልጅ የቱንም ያህል ፈጣንና ጠንካራ ቢሆን ያንን ኳስ መልሶ ለማግኘት ሲሮጥ ይውላል።

ተራ መጠበቅን ማስቀረት

ልምምዱን ከማቀድዎ በፊት አንድ ቀላል ሂሳብ ይሥሩ። 24 ልጆች በሁለት ሰልፍ ቆመው በየተራ ወደ ጎል የሚመቱበትን፣ በየሜዳው የምናየውን ልምምድ እንውሰድ። አንድ ልጅ ኳሱን ገፍቶ እስኪመታና ቀጣዩ እስኪነሣ 10 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ በአንዱ ሰልፍ 12 ልጆች ስላሉ ተራው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በየ2 ደቂቃው ነው፤ ስለዚህ በ20 ደቂቃ ውስጥ 10 ጊዜ ብቻ መትቶ ይጨርሳል። እነዚያኑ ልጆች ሦስት ሦስት አድርገው በ8 ኳስ ቢያከፋፍሏቸውና እያንዳንዱ 20 ሴኮንድ እየሠራ ለቀጣዩ ቢያስረክብ ግን፣ በዚያው 20 ደቂቃ አንድ ልጅ 400 ሴኮንድ ከኳስ ጋር ይሆናል። በሴኮንድ አንድ ጊዜ ቢነካ እንኳ 400 ንክኪ ያገኛል ማለት ነው። ኳሱም ሜዳውም ልጆቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው አደረጃጀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ልምምድ ከመምረጥዎ በፊት «በዚህ ሰዓት ኳስ የማይነካ ልጅ ስንት ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆመው የሚያዩ ከሆነ ቡድኑን ከፋፍለው ልምምዱን በሁለትና በሦስት ቦታ ያካሂዱት። ሦስቱ ልጆች አንድ ኳስ ሲጋሩም ያረፉት ሁለቱ ሥራ ይኑራቸው፤ አንደኛው ይቁጠር፣ ሌላኛው የጓደኛው ራስ ቀና ማለቱን ይከታተል።

ኳሱና ሜዳው

ኳሱ ለልጁ እግር የሚመጥን መሆን አለበት። በተለምዶ ከ8 ዓመት በታች ላሉት ቁጥር 3፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት ቁጥር 4፣ ከ13 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ቁጥር 5 ይሰጣል። ቁጥር 5 ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ሲሆን፣ ቁጥር 4 ከ350 እስከ 390 ግራም ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ ለአዋቂ ትንሽ ይመስላል፤ የ9 ዓመት ልጅ ግን ቁጥር 5 ሲሰጠው ኳሱ አልሄድ ስለሚለው በእግሩ ጣት መምታትና ወደ ኋላ ተለጥጦ መላክ ይለምዳል፤ ይህ ልማድ አንዴ ከያዘው ማስተዉ አድካሚ ነው። ገንዘብ ሲገኝ ለሁሉም የሚሆን ተብሎ ቁጥር 5 ብቻ ከሚገዛ፣ ቁጥሩ ቢያንስም ቁጥር 4 ቢገዛ ይሻላል። በደረቅና ድንጋያማ ሜዳ ላይ በጣም የተነፋ ኳስ ስለሚነጥር፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት በትንሹ ጎድጎድ እስኪል ድረስ አየሩን ይቀንሱለት።

ሜዳውን በተመለከተ፣ ልጆቹ እንደመጡ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ ለቅመው እንዲያወጡ ያድርጉ። ምልክት ማድረጊያ ኮን ከሌለዎት የሃይላንድ ፕላስቲኮችን አፈር ሞልተው ይጠቀሙ፤ ባዶውን ካስቀመጡት ነፋስ ይጥለዋል። ከሜዳው ሁሉ ደልዳላውን ክፍል ለመጀመሪያ ንክኪ ልምምድ ያስቀሩት፣ ወጣ ገባ የሆነውን ለማሟሟቂያና ለሩጫ ጨዋታ ይተዉት። ታኬታ የሌለው ልጅ አይጨነቅ፤ በደረቅ መሬት ላይ ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ የጎማ ጫማ ረጅም ጥርስ ካለው ታኬታ የተሻለ ሚዛን ይሰጣል።

የልምምዱ ቅደም ተከተል

75 ደቂቃ ያህል ጊዜ ካለዎት ወደ 15 ደቂቃው ለማሟሟቂያ፣ 15 ደቂቃው ለግል የኳስ ሥራ፣ 20 ደቂቃው ለመቀበልና ለማቀበል፣ የቀረው 25 ደቂቃ ለጨዋታ ይሁን። አብዶ (ተጋጣሚን በኳስ አታልሎ ማለፍ) እና የጎል ምት በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ከግል ሥራው ወይም ከቅብብሉ ሰዓት ይወስዳሉ። ቆላማ በሆኑ እንደ ጋምቤላና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች ሰዓቱ ማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ መሆን ይኖርበታል፤ የውሃ ዕረፍቱም ልጆቹ እስኪጠይቁ አይጠበቅ።

ማሟሟቂያው ሜዳ መዞር ብቻ አይሁን። ፊፋ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያዘጋጀውና «11 ፕላስ ኪድስ» የሚባለው ፕሮግራም 7 መልመጃዎች አሉት፤ በአንድ እግር ቆሞ ኳስ መወራወርን፣ በአንድ እግር ዘሎ ሚዛን ጠብቆ ማረፍንና ሳይጎዱ መውደቅን ያካትታል። ጉዳትን ይቀንሳል፤ ከዚህም በላይ በአንድ እግር ላይ መቆም ያልቻለ ልጅ በሌላኛው እግሩ ኳስን በሥርዓት መንካት ስለማይችል፣ ለኳስ ችሎታም መሠረት ነው።

ኳስን ከእግር ጋር ማላመድ

በ10 በ10 ሜትር ካሬ ውስጥ ልጆቹን ይበትኗቸውና ኳሱን በእግራቸው የተለያዩ ክፍሎች እየነኩ እንዲንቀሳቀሱ ያድርጉ፤ በመጀመሪያ በሁለቱ እግሮች የውስጥ ጎን ኳሱን ቀኝና ግራ ማመላለስ፣ ቀጥሎ በእግር የውጭ ጎን መግፋት፣ ከዚያም ኳሱን በጫማ ሶል ወደ ራስ ጎትቶ መዞር። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በቀኝም በግራም እኩል ይሠራ። ልጆቹ በቀኝ እግራቸው ሲያምርላቸው አሰልጣኙም ደስ ስለሚለው የግራው ሰዓት ያጥራል፤ ይህን በሰዓትዎ ይቆጣጠሩ።

ሁለተኛው ደረጃ ራስን ቀና ማድረግ ነው። ልጆቹ ኳስ ይዘው ሲንቀሳቀሱ እርስዎ እጅዎን ከፍ አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁሙ፤ ያየ ሁሉ ወደዚያ ይሂድ፣ ያላየ ካሬው ውስጥ ብቻውን ይቀራል። በድምፅ አይዘዙ፤ በድምፅ ካዘዙ ዓይናቸውን ከኳሱ ላይ ሳያነሡ ይሠሩታል።

ኳስን በአየር ላይ ማንጠባጠብ ሚዛንንና የእግርን ስሜት ስለሚያዳብር ጥሩ የቤት ሥራ ነው፤ የልምምድ ሰዓት ግን አይብላ። 100 ጊዜ የሚያንጠባጥብ ልጅ መሬት ለመሬት የመጣለትን ኳስ መቆጣጠር ሲያቅተው ማየት የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው ንክኪ

ከልምምዱ ሁሉ ብዙ ጊዜና ብዙ ትዕግሥት የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ሦስት ልጆችን በአንድ መስመር ላይ ያቁሙ፤ በዳርና በዳር ያሉት በ16 ሜትር ርቀት ይራራቁ፣ ሦስተኛው መሐል ይሁን። አንዱ ዳር ለመሐሉ ያቀብላል፣ መሐሉ ተቀብሎ ይዞርና ለሌላኛው ዳር ይሰጣል። 24 ልጅና 8 ኳስ ካለዎት ስምንት እንዲህ ያሉ መስመሮች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። በየ2 ደቂቃው መሐሉን ይቀያይሩ።

መጀመሪያ የሚያስተካክሉት አቋሙን ነው። ልጆች ኳሱን ፊት ለፊት ሆነው፣ ጀርባቸውን ለሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ከተቀበሉ በኋላ ለመዞር ሁለትና ሦስት ንክኪ ይፈልጋሉ፤ በዚህ መሐል ተጋጣሚ ይደርስባቸዋል። ጎናቸውን ሰጥተው፣ የሚያቀብላቸውንም የሚሄዱበትንም በአንድ ጊዜ ማየት በሚችሉበት ሁኔታ እንዲቆሙ ያስተምሯቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው እግር መምረጥ ነው። ኳሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ራቅ ባለው እግር መቀበል፣ ሰውነትን አብሮ ወደ ፊት ስለሚከፍት፣ ልጁ ሳይዞር ዞሯል ማለት ይቻላል። ቀረብ ባለው እግር የሚቀበል ልጅ ግን ወደ መጣበት ይመለሳል። ይህንን ከአቋሙ ጋር በአንድ ቀን አያስተምሩ፤ የመጀመሪያው እስኪለመድ ይጠብቁ።

የእግሩ ሁኔታም መታየት አለበት። ቁርጭምጭሚቱ ጠበቅ ያለ፣ እግሩ ከመሬት በትንሹ ከፍ ብሎ የኳሱን መሐል የሚያገኝ መሆን አለበት። ኳሱ በኃይል ሲመጣ በሚነካበት ቅጽበት እግሩን በጥቂቱ ወደ ኋላ ቢያሸሸው ኃይሉ ይሞታል። ይሁን እንጂ ኳሱን ከእግሩ ሥር አቁሞ መግደል ግቡ አይደለም። የመጀመሪያው ንክኪ ኳሱን ልጁ ወደሚቀጥልበት ቦታ፣ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት፤ እንዲህ ሲሆን ሁለተኛው ንክኪ ቅብብል ወይም ምት ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አስቀድሞ ማየት ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ተጫዋቾች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ዙሪያቸውን ደጋግመው የሚቃኙ ተጫዋቾች ቅብብላቸው ይበልጥ እንደሚሳካ አሳይቷል፤ በዚህ ልማዳቸው ስማቸው ከሚነሣው መካከል ፍራንክ ላምፓርድ አንዱ ነው። ይህን በልጆች ላይ ለመትከል ከላይ ባለው የሦስት ሰው መስመር ላይ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ከመሐሉ ልጅ ጀርባ ያለው ዳር ኳሱ ከመነሣቱ በፊት በእጁ ጣቶች ቁጥር ያሳይ፤ መሐሉ ዞር ብሎ አይቶ፣ ኳሱ ሳይደርሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገር።

በመጀመሪያው ቀን የሚያጋጥመው እንዲህ ያለ ነው። የ11 ዓመቷ ተጫዋች ኳሱን በሚያምር ሁኔታ ትቀበላለች፤ ቁጥሩን ግን አልተናገረችም። «ከኋላሽ ስንት ነበር?» ሲሏት፣ «አላየሁም፣ ጋሼ» ትላለች። እንደገና ሲሞከር ኳሱ መንገድ ላይ እያለ ዞር ትልና ኳሱ በእግሯ መካከል ያልፋል። ስሕተቱ ማየቷ ሳይሆን ያየችበት ሰዓት ነው። «አቀባይሽ ኳሱን ለመምታት እግሩን ሲያነሣ ያን ጊዜ እዪ፤ ኳሱ ከተነሣ በኋላ ዓይንሽ ኳሱ ላይ ይሁን» ይበሏት። ሦስትና አራት ጊዜ ከሞከረች በኋላ ሰዓቱን ታገኘዋለች፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ትናገራለች፣ ኳሱንም ትቀበላለች። ልጆች ይህን ልምምድ እንደ ጨዋታ ስለሚያዩት አይሰለቹትም፣ ስለዚህ ለብዙ ሳምንታት ሊያስቀጥሉት ይችላሉ።

ሲለመድ ተከላካይ ይጨምሩ። ከመሐሉ ልጅ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሃይላንድ አቁመው 2 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት በሮች ይሥሩ፤ ከኋላው የቆመው ልጅ ኳሱ ሲነሣ ወደ አንዱ በር ይሂድ፣ ተቀባዩ ደግሞ በመጀመሪያው ንክኪ ኳሱን በሌላኛው በር ያውጣው። እዚህ ላይ አቋም፣ እግር መምረጥና ማየት በአንድ ላይ ይፈተናሉ።

ቅብብልና ምት

ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው ርቀት የሚቀባበሉት በእግር የውስጥ ጎን ነው፤ የቆመው እግር ከኳሱ ጎን ሆኖ ጣቱ ወደ ተቀባዩ ያመልክት። ልጆች ትኩረት የማይሰጡት ነገር ኳሱ የሚሄድበት ፍጥነትና የሚደርስበት እግር ነው። ወደ ጓደኛው በአጠቃላይ የተላከ ኳስና ራቅ ወዳለው እግሩ የተላከ ኳስ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ተቀባዩን ወደ ፊት ያስኬደዋል። አሰልጣኞች ሮንዶ የሚሉትን፣ አራቱ በዳር ሆነው ሲቀባበሉ አንዱ መሐል ሆኖ የሚነጥቅበትን ጨዋታ በ8 በ8 ሜትር ካሬ ያስጫውቱ፤ ለጀማሪዎች የንክኪ ገደብ አያስቀምጡ፣ ሲጎብዙ ወደ ሁለት ንክኪ ይገድቡ።

የጎል ምትን በቆመ ኳስ ከ10 ሜትር ገደማ ይጀምሩ። የቆመው እግር ከኳሱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ከጎኑ ይረፍ፣ ጉልበቱ ከኳሱ በላይ ይሁን፣ የሚመታው እግር ጣቱ ወደ መሬት ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ ጠንክሮ፣ የጫማው ማሰሪያ በሚያርፍበት ክፍል የኳሱን መሐል ያግኘው። በዚህ ዕድሜ ኃይል አይጠየቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ኳስ ይርቃል፣ ጎኑን ሲመቱትም ያነሰ ይጠማዘዛል። በደጋ የለመዱ ልጆች ቆላ ወርደው ሲጫወቱ ረጅም ኳሳቸው የሚያጥርባቸው ለዚህ ነውና፣ ከጨዋታው በፊት ጥቂት ረጃጅም ኳሶችን እንዲሞክሩ ጊዜ ይስጧቸው።

ቴስታን በተመለከተ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ኳስን በራስ መምታት ከልክሏል፤ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ፌዴሬሽኖችም በ2020 በትንንሽ ልጆች ልምምድ ላይ ተመሳሳይ ገደብ አውጥተዋል። የልጅ አንጎልና አንገት ገና በዕድገት ላይ ስለሆነ እኛም ብንከተለው አንጎዳም። ከ12 ዓመት በኋላ በቀላል ኳስና በጥቂት ድግግሞሽ መጀመር በቂ ነው።

አብዶ

በሰፈር ጨዋታ የሚደነቀው አብዶ በፕሮጀክት ልምምድ ላይ ብዙ ጊዜ ይከለከላል፤ ይህ እኔ የማልስማማበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የሆላንዱን ክለብ ፌይኖርድን ለአውሮፓ የዩኤፋ ዋንጫ ያበቃው ሆላንዳዊው አሰልጣኝ ዊል ኩርቨር ዕድሜውን ያሳለፈው፣ ተጋጣሚን የማለፍ ጥበብ በተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ትምህርት መሆኑን ለማሳየት ነው። ለጀማሪ አራት እንቅስቃሴዎች ይበቃሉ፦ በእግር የውስጥ ጎን መቁረጥ (ኳሱን በድንገት ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር)፣ በውጭ ጎን መቁረጥ፣ ኳሱን በሶል ጎትቶ መመለስ፣ እና በትከሻ አታሎ በሌላው በኩል መሄድ። በ10 በ6 ሜትር ቦታ ላይ አንድ ለአንድ ያገናኟቸው። ልጁ ወደ ተከላካዩ ሲቀርብ ዝግ ይበል፣ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ሲጠጋ ያታልል፣ ከዚያ በፍጥነት ይውጣ፤ ካታለለ በኋላ ፍጥነት የማይጨምር ልጅ ተከላካዩ መልሶ ይደርስበታል። በራስ ጎል አካባቢ እንዳይሞክር ማስተማር ተገቢ ነው፤ በተጋጣሚ ሜዳ ላይ ግን ኳስ ስለተነጠቀ አይቆጡት።

ጨዋታው

24 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በትልቁ ሜዳ ላይ መልቀቅ ያው ሰልፍ መልሶ እንደ ማምጣት ነው፤ ኳሱን ጥቂት ጠንካሮች ይይዙታል፣ ሌላው ይሮጣል። በዚህ ፈንታ በ30 በ20 ሜትር ሦስት ትንንሽ ሜዳዎች ሠርተው አራት ለአራት፣ ያለ ግብ ጠባቂ፣ በትንንሽ ጎሎች ያጫውቷቸው። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለትንንሾቹ ልጆች በጥቂት ተጫዋችና በትንንሽ ጎሎች የሚደረግን ጨዋታ ግዴታ ያደረገው በዚሁ ምክንያት፣ እያንዳንዱ ልጅ ኳሱን ብዙ ጊዜ እንዲያገኝ ብሎ ነው።

በጨዋታው ጊዜ ከሜዳው ዳር የሚሰማውን «አውጣው!» እና «በለው!» የሚል ጩኸት ያስቁሙ። ልጁ ኳሱን ተቀብሎ እንዲያይ ለአንድ ሰዓት ያህል አስተምረውት በመጨረሻው ደቂቃ እንዲያወጣው ካዘዙት፣ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ ነው። ወላጆችንና ታላላቅ ወንድሞችን ከልምምዱ በፊት ሰብስበው በትሕትና ያስረዷቸው።

እርማትና ትዕግሥት

በአንድ ልምምድ አንድ ነገር ብቻ ያርሙ። የዛሬው ርእስ አቋም ከሆነ ደካማ የግራ እግርን ይለፉት፣ ያም ቀን ይመጣለታል። ከማዘዝ ይልቅ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል፤ «ለምን ወደ ኋላ መለስከው? ፊት ለፊት ማን ነበር?» የተባለ ልጅ መልሱን ራሱ ይደርስበታል።

ወንዶች በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ዓመት፣ ሴቶች ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው በፍጥነት ያድጋሉ። እግራቸው በጥቂት ወራት ስለሚረዝም፣ ትናንት ኳስን በቀላሉ ይቆጣጠር የነበረ ልጅ ድንገት ሲደነቃቀፍ ሊያዩት ይችላሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ያልፋል። በዚህ ሰዓት ከቡድን የተቀነሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም፤ ሀገራችን በዚህ መንገድ ያጣቻቸው ተጫዋቾች ጥቂት እንዳይደሉ አምናለሁ። በተቃራኒው በ12 ዓመቱ ቁመቱና ጉልበቱ ቀድሞ የደረሰ ልጅ በመገፋፋት ብቻ ስለሚያሸንፍ ንክኪውን ለማሻሻል አይገፋፋም፤ እሱን አልፎ አልፎ ከታላላቆቹ ጋር ያጫውቱት።

የቤት ሥራ

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ልምምድ ብቻውን አይበቃም። ግንብ ያለበት ቦታ ከተገኘ ልጁ ከ3 ሜትር ርቀት በቀኝም በግራም በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ኳሱን ከግንቡ ጋር ይቀባበል፤ የጎረቤት የቆርቆሮ በር ግን ግንብ አለመሆኑን አስቀድመው ይንገሩት፣ የሰፈሩ ድጋፍ ያስፈልግዎታልና። ኳስ የሌለው በካልሲ የተሠራ ኳስ ይጠቀም። የካልሲ ኳስ ስለማይነጥርና አቅጣጫው ስለማይታወቅ እግርን ያለማምዳል፤ ብዙ የድሮ ተጫዋቾቻችን ያደጉት በእሱ ነው።

መዝግቦ መያዝ

በየአራት ሳምንቱ ሦስት ነገሮችን ይመዝግቡ። የመጀመሪያው ልጁ ከግንብ 3 ሜትር ርቆ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀባበል፣ ለቀኝና ለግራ እግር ለየብቻ ነው። ሁለተኛው በ2 ሜትር ልዩነት የተቀመጡ 5 ሃይላንዶችን ኳስ ይዞ ዞሮ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ በአራት ለአራት ጨዋታ ላይ ረዳትዎ አንድን ልጅ ለ5 ደቂቃ ብቻ እየተከታተለ፣ ከተቀበላቸው ኳሶች ስንቱ በመጀመሪያ ንክኪው እንደተበላሸና ስንቱን ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ እንዳየ ይቁጠር። መዝገቡ ልጆችን እርስ በርስ ለማወዳደር ሳይሆን የራሳቸውን ያለፈ ውጤት ለማሳየት ይጠቅማል፤ ስለዚህ ለሁሉም ፊት አይነበብ።

የሚቀጥለውን ወር ዕቅድ የሚያወጡት ከዚሁ መዝገብ ነው። የግራ እግር ቁጥሩ ከቀኙ ግማሽ በታች የሆነ ልጅ ማሟሟቂያውንና የግል ሥራውን ወር ሙሉ በግራ ይጀምር፤ የግንቡ ውጤት አድጎ የጨዋታው ንክኪ ግን ካልተሻሻለ ችግሩ እግሩ ሳይሆን ማየቱ ስለሆነ፣ ወደ ጣት ቆጠራው ልምምድ ይመልሱት።